የአንጎል የደም ፍሰት ምስልና የአልዛይመር በሽታ ጅምር፦ ሂሳዊ ምልከታ

የማስታወስ ችሎታቸው እየቀነሰ የመጣ አረጋውያንን በተመለከተ፣ የአንጎላቸውን የደም ፍሰት በምስል በማየት የአልዛይመርን በሽታ ገና በጅምሩ መለየት ይቻላል የሚል አስተያየት በሙያ ጽሑፎች በተደጋጋሚ ይነበባል። አስተያየቱ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። ሆኖም ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ምስል የሚያይ ሐኪም፣ ቀለሙን የመረጠው የኮምፒዩተሩ መርሐ ግብር እንጂ የሕመምተኛው አንጎል አለመሆኑን በቀላሉ ይዘነጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምስሉ በእርግጥ የሚለውን፣ ብሏል ከሚባልለት መለየት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጤናማ ጎልማሳ አንጎል በየደቂቃው ለ100 ግራም 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያገኛል። በስፔክት ምርመራ ከቴክኒሺየም 99ኤም ጋር የተቆራኘ ኤች.ኤም.ፒ.ኤ.ኦ. የተባለ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥም አንጎል ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ምስሉ ዘግይቶ ቢነሳም የሚያሳየው መርፌው በተሰጠበት ቅጽበት የነበረውን ፍሰት ነው። በአልዛይመር በሽታ የሚጠበቀው፣ በቴምፖራልና በፓራይታል ሎቦች እንዲሁም በኋለኛው ሲንጉሌት ፍሰቱ ሲቀንስ፣ የእንቅስቃሴና የእይታ ክፍሎች ግን ሳይነኩ መቅረታቸው ነው። ስለ በሽታው ጅምር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሚኖሺማና የባልደረቦቹ የ1997 ጥናት በኋለኛው ሲንጉሌት ቅናሽ ያገኘው በፔት ምርመራ የግሉኮስ ፍጆታን በመለካት ነው። ፍጆታና ፍሰት አብዛኛውን ጊዜ አብረው ቢሄዱም አንድ ነገር አይደሉም፤ የአንዱን ውጤት ለሌላው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ግን ያልተገባ አሠራር ነው።

በዚህ መስክ ከፍተኛ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ምስሉን ከአስከሬን ምርመራ ጋር ያነጻጸረው የጃገስትና የባልደረቦቹ የ2001 ጥናት ነው። ሐኪሙ በሽታው ሳይሆን አይቀርም ባለ ጊዜ፣ በአስከሬን ምርመራ አልዛይመር የመገኘቱ ዕድል 84 በመቶ ነበር። ምስሉ በሽታውን ሲያመለክት ዕድሉ ወደ 92 ከፍ አለ፤ ሳያመለክት ሲቀር ወደ 70 ወረደ። ብዙዎች የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። እኔ ግን አንባቢ በሁለተኛው ላይ እንዲቆም እፈልጋለሁ፤ ምስሉ «የለም» ካላቸው ሕሙማን ከ10ሩ 7ቱ በሽታው ነበረባቸው ማለት ነውና። ሐኪሙ ይበልጥ ሲጠራጠር፣ ማለትም በሽታው ሊሆን ይችላል ብቻ ሲል፣ 67 የነበረው ዕድል በምስሉ ወደ 84 ከፍ ወይም ወደ 52 ዝቅ ብሏል። የምስሉ እውነተኛ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከጥርጣሬ ፈጽሞ አያወጣም።

የዱጋልና የባልደረቦቹ የ2004 ግምገማ ደግሞ በሽታውን በማግኘት ረገድ ክሊኒካዊ መስፈርቱ 81፣ ስፔክት 74 በመቶ መሆናቸውን፣ ከሌሎች የመርሳት በሽታዎች በመለየት ረገድ ግን ስፔክት በ91 ለ70 እንደሚበልጥ አሳይቷል። 91 ከፍተኛ ይመስላል። ይሁንና ይህንኑ ቁጥር እንዳለ ወስደን፣ ከ1,000 አረጋውያን 100ው ብቻ በሽታው ባለባቸው ጤና ጣቢያ እንጠቀምበት ብንል፣ ምስሉ 74 ሕሙማንን በትክክል ሲያገኝ 81 በሽታው የሌለባቸውን ሰዎች ይጨምርበታል። በልዩ ክሊኒክ የተገኘ ቁጥር ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ የሚደርስበት ይህ ነው። ከነዚያ 81 ሰዎች መካከል መታከም የሚችል የመንፈስ ጭንቀት ወይም የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ያለበት ሰው ቢኖርና ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጦ ቢተወው፣ ጉዳቱ የስታቲስቲክስ ብቻ አይሆንም።

ፍሰቱን የሚለውጡት ሌሎች ምክንያቶችም ጥቂት አይደሉም። የመንፈስ ጭንቀት ይቀንሰዋል፤ የደም ማነስ ይጨምረዋል። ቡና የጠጣ ሰው የአንጎል የደም ፍሰት ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል፤ እኛ ዘንድ ሕመምተኛው ቁርሱን ከነቡናው ሳይጨርስ ከቤት አይወጣምና ይህን መጠየቅ ትንሽ ነገር አይደለም። በተጨማሪም የአንጎል ቅርፊት ውፍረት ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የስፔክት መሣሪያ የሚለየው ስፋት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለሆነም ቅርፊቱ በመሳሳቱ ብቻ ፍሰቱ የቀነሰ ሊመስል ይችላል።

የፍሰት መቀነስ የበሽታው መነሻ ነው የሚሉም አሉ። ኢቱሪያ ሜዲናና ባልደረቦቹ በ2016 ከ7,700 በላይ የአንጎል ምስሎችን መርምረው የደም ሥር መዛባት ከአሚሎይድ ክምችት እንደሚቀድም ገምተዋል። ጥያቄው ሊናቅ አይገባም፤ በ2019 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናትም ነጭ የደም ሕዋሳት ጥቃቅን የደም ሥሮችን በመድፈን ፍሰቱን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ሆኖም የ2016ቱ ቅደም ተከተል በስሌት የተገኘ እንጂ አንድን ሰው ከጤና እስከ ሕመም በመከታተል የታየ አይደለም። አሚሎይድን በፔት የማየት ዘዴ በአሜሪካ በ2012፣ የደም ምርመራው ደግሞ በ2025 ከተፈቀደ ወዲህ፣ የፍሰት ምስል በሽታውን በማረጋገጥ ረገድ የነበረው ቦታ ይበልጥ ጠቧል። ጨረር የማይጠቀመው የኤም.አር.አይ. የፍሰት መለኪያም ቢሆን፣ ደም ዘግይቶ በሚደርስባቸው አረጋውያን ላይ የሌለ ቅናሽ ሊያሳይ ይችላል።

ለአገራችን ሐኪሞች ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ስተርንና ባልደረቦቹ በ1992 ያወጡት ውጤት ነው። የሕመማቸው ክብደት ተመሳሳይ ከሆነ ሕሙማን መካከል፣ ብዙ የተማሩት በፓራይታልና በቴምፖራል አካባቢ የነበራቸው የፍሰት ጉድለት ጥቂት ከተማሩት የባሰ ነበር። ይህ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ እናት መንገድ እስከ መሳት ደርሰው እንኳ ምስላቸው እምብዛም ላይጎድል ይችላል። «ከመደበኛው ያነሰ» የሚለው ፍርድ የሚሰጠው ከየትኞቹ ጤናማ ሰዎች ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ በምርመራው ውጤት ላይ ካልተጻፈ፣ ሐኪሙ መልሶ መጠየቅ አለበት።