ጠመንጃው ሲተኮስ ሠሪው የት ቆሞ ነበር?

ለዚህች መጽሔት በቅርቡ አንድ አጭር ልብ ወለድ ደርሶናል። ጸሐፊው የአምባሰል ልጅ ነው፤ ስሜን አታውጡብኝ ስላለን አናወጣም። አሥራ አንድ ገጽ ነው። ስድስት ሆነን አነበብነው። ሁለታችን «ይውጣ» አልን፣ ሁለታችን «አይሆንም፣ ይመለስ» አልን፣ የቀሩት ሁለቱ ዝም አሉ። ዝም ካሉት አንዱ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ይህን ሂስ ያጻፈን ከእኛ ጩኸት ይልቅ የእርሱ ዝምታ ነው ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ዘመኑ የጣሊያን ወረራ ነው። ከውጫሌ በላይ ባለች መንደር ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ የሚኖር አንድ ወጣት፣ ከደሴ በሐይቅ አድርጎ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው መንገድ ዳር ከተሰበረ ካሚዮን የብረት ቱቦ ያገኛል። በዚያ ቱቦ አፈሙዝ ሊሠራ ይነሣል። ጎረቤት ይስቅበታል፤ «ቡዳ» እያለ የሚሰድበውም አለ። የሚወዳት ልጅ የባላባት ልጅ ናት (ምን ይደረግ፣ በእኛ ልብ ወለድ ሁልጊዜ የባላባት ልጅ ናት!)። በመጨረሻ ጠመንጃው ያልቃል፣ ይተኮሳል፣ ድንጋይ ይሰነጥቃል። የሰደቡት ሁሉ እልል ይላሉ። አለቀ።

በመጀመሪያ ያማረውን እንናገር፤ ያማረ አለውና። እናትየው ሌሊት ወናፍ የምትነፋበት ገጽ ከደረሱን ጽሑፎች ሁሉ የተሻለ ነው። ስለ አገር አታወራም፣ ስለ ጀግንነት አታወራም። «ልጄ፣ ማጭድ ያዘዙን ሰዎች እኮ ነገ ይመጣሉ» ትለዋለች። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የቤቱ ድህነት፣ የእናትየው ፍርሃትና የልጁ ድርቅና አብረው ይታያሉ። ጸሐፊው ይህን ከየት አመጣው ብንል፣ አይቶታል ማለት ነው። ያላየውን ሲጽፍ ደግሞ ወዲያው ይታወቅበታል።

እስቲ ገጹን እንቁጠር። የአምባሰል ተራራ ሦስት ገጽ ወስዷል፤ ጭጋጉ፣ ገደሉ፣ እረኛው፣ ዋሽንቱ፣ ሁሉም አሉ። አምባሰል ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ያለ ይመስል ያም ተብራርቷል። ልጅቱ ሁለት ገጽ ተኩል ወስዳለች። ጠመንጃው አልቆ እስኪተኮስ ያለው ጊዜስ? እነሆ በሙሉ፦ «ጠመንጃውን ሠርቶ በጨረሰ በሦስተኛው ቀን ወደ ገደሉ ወጥቶ ተኮሰ፤ ድንጋዩም ለሁለት ተሰነጠቀ።» በቃ። ታሪኩ ሁሉ የተጻፈው ለዚህች ሰዓት ነው፤ ሰዓቲቱ ግን በአንድ መስመር አለፈች።

በዚህ ላይ ስንከራከር ነው ዝም ያለው ጓደኛችን አፉን የከፈተው። የተናገረውን እንዳለ እናስፍረው።

«አባቴ ጠመንጃ ሠርቶ አያውቅም። የተሰበረ ሰደፍና የላላ ቃታ ግን ያመጡለት ነበር። አንድ ቀን የጠገነውን ሊሞክር ሲል እኛን ልጆቹን ከግቢ አስወጣን። እኔ አጥር ሥር ተደብቄ አየሁት። ጠመንጃውን ግንድ ላይ በጠፍር አሰረው። ቃታው ላይ ሲባጎ ቋጥሮ፣ ሲባጎውን እየለቀቀ ከቋጥኝ ጀርባ ሄዶ ተኛ። ሳበ። ጮኸ። ቶሎም አልተነሣ፤ ጭሱ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ መጥቶ ብረቱን ከታች እስከ አፉ በጣቱ ዳሰሰው። ስንጥቅ ይፈልግ ነበር። ጥይቱ የት እንደ ደረሰ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።»

ይህን ከሰማን በኋላ የልብ ወለዱን የመጨረሻ ገጽ እንደገና አነበብነው፤ የጎደለው ወለል ብሎ ታየን። ተኳሽ የሚያየው ኢላማውን ነው። ሠሪ የሚያየው ብረቱን ነው። ጸሐፊያችን ከገጽ አንድ እስከ ገጽ አሥር ከሠሪው ጋር ቆይቶ፣ የቁርጡ ሰዓት ሲመጣ ሠሪውን ትቶት ከተኳሹ ጋር ቆመ። ባለታሪኩ በገዛ እጁ ያበጀውን፣ ማንም ያልሞከረውን ቱቦ ጉንጩ ላይ ደግፎ ያለ አንዳች ስጋት ተኮሰው። እንዴት ነው ነገሩ? ባሩዱን ስንት ሰፈረ? ብረቱ ይችለዋል ብሎ በምን አመነ? የቱቦውን አንድ ጫፍ የደፈነበት ቦታ ቢፈነቀልስ ወደ ማን ነው የሚመጣው? ወደ ግንባሩ ነው! ይህን የማያስብ ባለእጅ የለም። ፍርሃቱን ብትነጥቀው ሙያውን ነጠቅኸው ማለት ነው።

ይህ የሠሪ ጭንቀት በአገራችን ታሪክ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ተይዟል፤ ያውም በባዕድ እጅ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዓፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን ነበሩ። የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ነው፤ ስለ መድፍ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ንጉሡ «መድፍ ሥሩልኝ» ሲሏቸው «አንችልም» አሉ፤ እንቢታው ግን የሚያዋጣ አልሆነም። ሞከሩ፣ አልተሳካም። እንደገና ሞከሩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ይህን ሁሉ ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ተርኮታል፤ መጽሐፉ በ1886 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታትሟል። ቫልድማየር ደራሲ አይደለም። እንደ እኛ ጸሐፊ ጭጋግና ዋሽንት አያውቅም። ነገር ግን የሚጽፈው ባይሳካ ምን እንደሚከተል የሚያውቅ ሰው ነውና፣ ሥራው ሠምሮ ንጉሡ ሲደሰቱ አንባቢውም አብሮት እፎይ ይላል።

ሆኖም የቫልድማየርም መጽሐፍ ቢሆን ጎደሎ ነው። ጋፋት ላይ ጭቃ ያቦኩት፣ ከሰል ያከሰሉት፣ ወናፍ የነፉት፣ ከፈረንጆቹ ጎን ሆነው ሙያውን የተማሩት የአገር ልጆች ናቸው። እነዚህን ስም በስም የሚያውቃቸው አለ? ንጉሡን እናውቃለን። ፈረንጆቹን እናውቃለን። መድፉን እንኳ በስሙ እናውቀዋለን፤ ሴባስቶፖል ነው፣ በክራይሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማ የተሰየመ። ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል።

ከዚህ ወዲያ ያለውን አንባቢ ስለሚያውቀው በአጭሩ እንለፈው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንት አድርገው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል መንገድ እየጠረቡ፣ መድፉን በሰው ጉልበት እየጎተቱ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ከአምባሰል ወደ ምዕራብ የደላንታና የተንታ አገር ነው፤ መድፉ ያለፈው ከጸሐፊያችን መንደር ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል። ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ከፋላ አምባ ከሚተኮሱት ትልልቅ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ገና በመጀመሪያው ፈነዳ። በዚያች ቀን ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ሴባስቶፖል ራሱ ለጦርነት ሳይውል ቀረ፤ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተጋድሞ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው ምስለ ቅርጹ ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንሂስ። ይህች መጽሔት ስለ ሴባስቶፖል ስንት ግጥም አወጣች? ብዙ። በሁሉም ንጉሡ ያለቅሳሉ፣ በሁሉም ሕዝቡ ይጎትታል፣ በሁሉም ተራራው ይንቀጠቀጣል። ወናፍ የሚነፋ ሰው ግን በአንዱም የለም። እኛው መርጠን፣ እኛው አርመን ያወጣናቸው ናቸው። ስለዚህ የአምባሰሉን ወንድማችንን ብቻ ብንወቅስ ግፍ ይሆናል፤ የጻፈው ከእኛ የተማረውን ነው።

ነገሩ ከእኛም ይብሳል፤ ሥሩ ከቃል ግጥማችን ይጀምራል። ፉከራና ቀረርቶ የሚሰማ ሰው የጠመንጃ ስም ይጠግባል፦ ስናድር፣ ውጅግራ፣ አልቢን፣ ምንሽር፣ ሞዜር። እነዚህ ስሞች ከየት መጡ? ስናድር አሜሪካዊው ያዕቆብ ስናይደር ነው። ውጅግራ ፈረንሳዊው መኮንን ባዚል ግራ ነው፤ «ፉዚል ግራ» የሚለው ነው በእኛ አፍ ተንከባሎ ውጅግራ የሆነው። አልቢን ጣሊያናዊው አልቢኒ ነው። ምንሽር ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ማንሊኸር ነው። ሞዜር የጀርመን ወንድማማቾች የቤተሰብ ስም ነው። እንግዲህ ተመልከቱ! አዝማሪው፣ ፎካሪው፣ እረኛው ከመቶ ዓመት በላይ የፈረንጅ ባለእጆችን ስም በዜማ ሲያነሣ ኖሯል፤ ሳያውቀው። ስናይደር እሮጌ ላይ በእንግሊዝ ወታደር እጅ ሆኖ ከኋላ እየጎረሰ ወገኖቹን የፈጀ ጠመንጃ ነው፤ ስሙ ግን በእኛ ግጥም ገብቶ ቤት ሠራ። ጋፋት ላይ ብረት ያቀለጠው የበጌምድር ልጅ ስም ግን አንድ ስንኝ ውስጥ ገብቶ አልተገኘም።

ይህን ስንል ፎካሪውን ለመውቀስ አይደለም። እርሱ የያዘውን ጠራ። እጁ የገባው ጠመንጃ ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና ከነስሙ ተቀበለው። ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ ልብ ወለዱ የሚፈጸምባት ውጫሌ ራሷ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ሁላችንም በአንቀጽ 17 እናስታውሰዋለን፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የተጠየቅነው እርሱን ነው። ውሉ ግን ለንጉሡ የሚመጣ የጦር መሣሪያ በምጽዋ ስለሚያልፍበት ሁኔታም የሚናገር ቦታ አለው። ጠመንጃ በውልና በወደብ የሚመጣ ነገር ነበር ማለት ነው። ጸሐፊያችን ያን ከመሰለ አገር ተወልዶ፣ ጠመንጃ በመንደር ወናፍ ሊሠራ የተነሣ ሰው ፈጥሮ፣ ውጫሌን ጭጋግ የሚያርፍባት ሜዳ ብቻ አደረጋት። እንዲህ ያለ ብክነት ያናድዳል።

አሁን ወደ ስድቡ እንምጣ። ጸሐፊው ስድቡን አልሸፋፈነውም፤ እንዳለ ጽፎታል፣ ደግ አደረገ። ቀጥቃጭ በአገራችን ጠይብ ተብሏል፣ ቡዳ ተብሏል፣ ልጁን የሚያገባለት አጥቷል፤ ያው ሰዳቢ ግን ማረሻውን ከእርሱ ያሠራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እንዳይሰድቡት ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ዐዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ቢበዛ ነው። እና ይህ ሁሉ በአንድ ጥይት ይፋቃል? ድንጋይ ስለ ተሰነጠቀ መንደሩ በሙሉ እልል አለ፣ ሰላምም ወረደ? ጓደኛችንን ጠየቅነው። ሳቀ። «ጠመንጃው ከሠራማ የባሰ ይፈሩታል እንጂ!» አለን። እንዴት ያለ ታሪክ ነበር ይሄ! ጠመንጃው ይሠራል፣ አርበኞቹ ወስደው ይታጠቁታል፣ ሰውዬው ግን ማታ ብቻውን እራቱን ይበላል። ይህ መጨረሻ በጽሑፉ ውስጥ ተረግዞ ነበር፤ ጸሐፊው ግን እልልታውን መረጠ። እልልታ ይቀላል፣ እውነት ነው።

«ልብ ወለድ እኮ ነው፣ የመካኒክ ትምህርት አታድርጉት» ያሉን ከመካከላችን ነበሩ። እኛ ስለ ቱቦው ውፍረት የዓይነት ዝርዝር ይጻፍ አላልንም። ሲባጎው ግን ይጻፍ። ከቋጥኙ ጀርባ የተኛው ሰው ልብ ይጻፍ። እናትየውስ በዚያች ሰዓት የት ነበረች? ወናፍ ስትነፋ ያደረች ሴት የመጀመሪያውን ተኩስ ከቤት ሆና ስትሰማ፣ ድምፁ የደኅና ተኩስ ይሁን ወይም የብረት ፍንዳታ በምን ትለያለች? ልጇ እስኪመጣ ድረስ አታውቅም። ያችን የጥበቃ ሰዓት የሚጽፍልን አጥተን ነው ጭጋግ የምናነበው።

ጸሐፊው ሐይቅ ላይ ተምሯል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የተጻፈው ወንጌል እስከ ዛሬ ያለበት አገር ነው፤ ብራናው ያጻፈውን ሰው ስም ይዞ ሰባት መቶ ዓመት ዘልቋል። ያ ብራና የተቆረጠበትን ቢላዋ የሠራ ሰውም ነበር። ይህን ለጸሐፊው የምናነሣው ሊያጌጥበት አይደለም፤ ሌላ ሦስት ገጽ ስለ ገዳሙ እንዳይጽፍብን እንለምነዋለን!

ጽሑፉን መልሰንለታል። ከተራራው ሁለት ገጽ ሠርዘናል፣ ከልጅቱም አንድ። እናትየዋን አልነካናትም። በገጽ አሥርና በገጽ አሥራ አንድ መካከል ሦስት ባዶ ወረቀት አስገብተናል፤ በመጀመሪያው ራስጌ ጓደኛችን በእርሳስ «ሲባጎውን ከያዘበት ጀምር» ብሎ ጽፎበታል። ለሚቀጥለው ዕትም ቦታ ይዘንለት እንጠብቃለን።