በበረዶ ውሽንፍር ሁለት ሆኖ መንዳት

የበረዶ ውሽንፍርን አቋርጦ ረጅም መንገድ የመንዳት ሙያ በአብዛኛው የሚያልቀው ሞተሩ ሳይነሣ ነው። የቀረው የሚፈተነው መውጫዎች አጠገብ፣ «እንቀጥል ወይስ እዚህ እንደር?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። መኪናው ውስጥ ያሉት ባልና ሚስት ሲሆኑ ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ሁለት ሰው አንዱ ያላየውን ሌላው አይቶ ከአደጋ ሊያመልጥ ይችላል፤ እርስ በርሱ ተደፋፍሮ ማንኛቸውም ብቻቸውን ቢሆኑ የማይገቡበት ውስጥ ሊገባም ይችላል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት «ብሊዛርድ» ለሚለው ማስጠንቀቂያ ሦስት መስፈርት አለው፦ ነፋሱ በሰዓት 35 ማይል (56 ኪሎ ሜትር ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ዕይታው ከሩብ ማይል (400 ሜትር ገደማ) ማነስ አለበት፤ ሁኔታው ቢያንስ ሦስት ሰዓት መቆየት አለበት። ምን ያህል በረዶ ይወርዳል የሚለው ከመስፈርቱ ውስጥ የለም። ትናንት የወረደውን በረዶ ከሜዳው ላይ የሚያነሣ ነፋስ ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ ቀና ሲሉ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፊት ለፊት ግን የመኪናው አፍንጫ የማይታይበት ቀን አለ። አዲስ አሽከርካሪ ትንበያ ሲያይ ስንት ኢንች እንደሚወርድ ይጠይቃል፤ የለመደው መጀመሪያ የሚያየው ነፋሱን ነው።

ይህን ለመማር በዋዮሚንግ የሚያልፈውን ኢንተርስቴት 80 የሚያህል መንገድ የለም። ከላራሚ ወደ ምዕራብ እስከ ዋልኮት መጋጠሚያ ያለው ክፍል የተከፈተው በኦክቶበር 1970 እ.ኤ.አ. ነው። ነባሩ አውራ ጎዳና በሜዲሲን ቦው በኩል ዞሮ ያልፍ ነበር። አዲሱ በኤልክ ተራራ ሥር ተቀዶ 20 ማይል ገደማ አሳጠረ። በአካባቢው ከብት የሚያረቡት ሰዎች ያ ቦታ የነፋስ መውጫ ነው ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ሰሚ አላገኙም፤ መንገዱም ገና የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ ደጋግሞ ተዘጋ። ችግሩን ያጠናው የደን አገልግሎት ተመራማሪው ሮናልድ ታብለር ሲሆን ከ1971 ጀምሮ ለመንገዱ ትልልቅ የእንጨት አጥሮች ተሠሩ። የአጥሮቹ አሠራር ደስ ይላል። ግማሽ ያህላቸው ክፍተት ነው። ነፋሱ በክፍተቱ ሲያልፍ ይደክማል፤ የተሸከመውንም በረዶ ከአጥሩ ኋላ ያራግፋል። ክምሩ የአጥሩን ቁመት 35 እጥፍ ያህል ሊረዝም ስለሚችል አጥሩ የሚተከለው ከመንገዱ ርቆ ሜዳው ላይ ነው። መንገዱ ዳር ቢተከል በረዶውን የሚከምረው አስፋልቱ ላይ ነበር። አጥሮቹ ብዙ አደጋ ቀንሰዋል፤ ነፋሱን ግን አላቆሙትም። ዛሬም ላራሚና ሮሊንስ መግቢያ ላይ የመንገድ መዝጊያ በሮች አሉ። በሮቹ በወረዱበት ምሽት የከተሞቹ የከባድ መኪና ማደሪያዎችና ሆቴሎች ጢም ይላሉ፤ ዘግይቶ የደረሰ መኝታ አያገኝም።

መንገዱ ላይ የሚሆነውን በቁጥር ማየት ይሻላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ከተያዘበት ቅጽበት አንሥቶ በደረቅ አስፋልት ለመቆም 35 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በተረገጠ በረዶ ላይ ከ120 ሜትር ያላነሰ ይፈልጋል፤ እንደ መስታወት በተጋገረ በረዶ ላይ ደግሞ ወደ 250 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ መቆሚያው ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚህ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። አራቱም ጎማ የሚጎትትበት መኪና ከቆመበት ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል፤ ለመቆም ግን ከሌላው አይሻልም። ይልቁንም በቀላሉ ስለሚነሣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት ይደብቃል። የክረምት ጎማ ግን ገንዘቡን ያወጣል፦ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ የበጋው ጎማ ላስቲክ ይደርቃል፣ የክረምቱ እንደለሰለሰ መንገዱን ይይዛል።

በጣም የሚያንሸራትተው በረዶ እጅግ የቀዘቀዘው አይደለም፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለው፣ ላዩ ውኃ ያዘለው ነው። ጨውም ቢሆን ወሰን አለው። ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ሲደረስ የማቅለጥ ኃይሉ ይደክማል፤ ተነስንሷል ተብሎ የተማመኑበት መንገድ ማታውን ይረጋል። ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይጋገራል። ድልድይ ላይ መሪ ማዞርም ፍሬን መያዝም አይገባም፤ ፍጥነቱ የሚቀነሰው ከመድረሱ በፊት ነው።

ከኢትዮጵያ ሄደው በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ባልና ሚስት ሆነው በየተራ የሚነዱም አሉ። የአባይን በረሃ የወረደ፣ የጣርማ በርን ጉም ያለፈ ሹፌር ይዞት የሚሄደው ዕውቀት ትንሽ አይደለም። በጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ማብራት ዐይን እንደሚያሳውር ያውቃል፤ በሚነፍስ በረዶም ሕጉ ያው ነው። ቁልቁለትን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ መያዝ እንደሚገባም ያውቃል። እዚህ ላይ ግን የአገሩ ልምድ ሊያሳስተው ይችላል። በተጋገረ በረዶ ላይ ከባድ ማርሽ በድንገት ማስገባት ወይም የሞተር ፍሬን መጠቀም ከሞተሩ ኃይል የሚያገኙትን ጎማዎች ይይዛቸዋል፤ ተሳቢው ከኋላ ይገፋል፤ መኪናውም መሐሉ ላይ ይታጠፋል። ትክክለኛው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነት መቀነስ፣ ማርሹን ከላይ መርጦ መግባት፣ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር በድንገት አለማድረግ ነው። ናፍታም በብርዱ ውስጡ ያለው ሰም እየረጋ ማጣሪያውን ይደፍናል። ስለዚህ ከሞቃት አገር የተቀዳ ነዳጅ ይዞ ወደ ሰሜን የሚወጣ ሹፌር ለብርድ የተዘጋጀውን ነዳጅ መቼና የት እንደሚቀዳ አስቀድሞ ያስባል።

የአገር ቤት ከባድ መኪና ሹፌር ብቻውን አይሄድም፤ ረዳት አለው። ረዳቱ ጎማ ሥር ታኮ ያስገባል፣ ወደ ኋላ ሲኬድ ወርዶ ያሳያል፣ ሌሊት ሹፌሩን በወሬ ያነቃል። በውሽንፍር ውስጥ ከጎን የተቀመጠ ሰው ሥራም ከዚህ ይጀምራል። የማይል ምልክቶችን ይቆጥራል፤ ስልኩ ኔትዎርክ ቢያጣ ያሉበትን ቦታ የሚያውቀው በእነሱ ነውና። የመንገድ ሁኔታ የሚነገርበትን 511 ይሰማል። ቀጣዩ መውጫ ስንት ማይል እንደቀረው ያስታውሳል። የዝናብ መጥረጊያው በረዶ ከያዘ ሹፌሩ ሳያማርር ይናገራል። የነጂው ዐይን ፊቱ ካለው ነጭ ነገር ጋር ሲታገል ሌላ ሥራ ሊሰጠው አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ረዳቱ «ይብቃን፣ እዚህ እንደር» የማለት ሥልጣን አለው ወይ? በአቪየሽን ይህ ጥያቄ ዋጋ አስከፍሏል። ካፒቴኑ ሲሳሳት ረዳት አብራሪው እያየ ዝም ያለባቸው አደጋዎች ከደረሱ በኋላ፣ ናሳ በ1979 ካዘጋጀው ጉባኤ ወዲህ የአየር መንገዶች ሠራተኞቻቸውን በዚሁ ጉዳይ ማሠልጠን ጀመሩ። በባልና ሚስት መካከል ግን ሥልጠና የለም፤ ያለው ልማድ ነው። እሱ ፈራ እንዳይባል ይነዳል፤ እሷ አላመነችኝም እንዳይላት ዝም ትላለች። መሪውን እሷ ስትይዝም ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል። ሁለቱም በልባቸው መመለስ ፈልገው ሁለቱም የሚቀጥሉበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በዲሴምበር 1992 መጨረሻ የደረሰው ይህን በደንብ ያሳያል። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ወራት ብቻ የሆነውን ልጃቸውን ይዘው ከካሊፎርኒያ አይዳሆ ወደሚደረግ የቤተሰብ ቀብር ጉዞ ጀመሩ። ሴራ ኔቫዳን የሚያቋርጠው ኢንተርስቴት 80 በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር በሰሜን ዞረው በሰሜን ምዕራብ ኔቫዳ ወዳለ ገጠር መንገድ ገቡ። መኪናቸው ሰው በማያልፍበት በረሃ በረዶ ውስጥ ተያዘ። ቀናት መኪናው ውስጥ ጠብቀው የሚመጣ ሲጠፋ በእግር ወጡ። በኋላ እናትና ልጅ በትንሽ ዋሻ ተጠልለው ቀሩ፤ አባትየው ብቻውን ረጅም መንገድ በበረዶ ተጉዞ በአንድ የመንገድ ሠራተኛ ተገኘ። ጉዳዩ ከሳምንት በላይ ወስዶ ሦስቱም ተረፉ፤ ባልና ሚስቱ ግን የእግር ጣቶቻቸውን ብርዱ ወሰደባቸው። ለልቅሶ መድረስ ግዴታ በሆነበት ማኅበረሰብ፣ ከዴንቨር ሶልት ሌክ፣ ከሚኒያፖሊስ ቺካጎ ሌሊቱን ተነድቶ በሚደረስበት ዘንድ፣ ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እነዚያን ወጣቶች ብርዱ ያገኛቸው ከተዘጋው ጎዳና ላይ አልነበረም፤ የተዘጋውን ለመዞር በመረጡት ላይ ነበር። ትልቁ መንገድ ሲዘጋ ትንሹ መንገድ ተከፍቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ሰው ስለሌለ ነው። የስልክ ካርታ ደግሞ ይህን አያውቅም፤ መስመር ካለ መስመሩን ያሳያል።

ስለዚህ የሚስማሙበት ነገር ከቤት ሳይወጡ መነገር አለበት። ከሁለቱ አንዱ «ይብቃን» ካለ ክርክር የለም፤ ምክንያቱ የሚጠየቀው ሆቴል ከተገባ በኋላ ነው። የነዳጁ መለኪያ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አይፈቀድም። የማደሪያ ከተማ አስቀድሞ ተመርጦ፣ እስከዚህ ሰዓት እዚህ ካልደረስን እናድራለን ተብሎ ይቆረጣል። በሰዓት ያልተወሰነ «ትንሽ እንሞክር» መጨረሻ የለውምና። የሚጠብቃቸው ዘመድ የሚያልፉበትን መንገድ ያውቃል፤ መንገዱ ከተቀየረም ከመቀየሩ በፊት ይነገረዋል፤ አለበለዚያ ፍለጋው የሚጀመረው ከተሳሳተ ቦታ ነው።

ዕይታው ጨርሶ ከጠፋ መንገዱ ላይ መቆም ትልቁ አደጋ ነው። ከኋላ የሚመጣው ከባድ መኪና የቆመውን የሚያየው ለመቆም የማይበቃ ርቀት ላይ ሲደርስ ነውና። ፍጥነት ቀስ በቀስ እየቀነሱ መውጫ እስኪገኝ መሄድ ይመረጣል። ከፊት ያለውን መኪና የኋላ መብራት ተከትሎ መሄድ ግን የሚያጓጓ ወጥመድ ነው፤ የፊተኛው ከመንገድ ከወጣ የኋለኛውም ይከተለዋል።

መኪናው ከተያዘ ሕጉ አጭር ነው፦ ከመኪናው አለመራቅ። መኪና ከሰው ይልቅ ለፈላጊ ይታያል፣ ነፋስም ይከላከላል። ሞተሩ በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ይነሣል፤ ከዚያ በፊት ግን አንዱ ወርዶ ማርሚታው በበረዶ አለመደፈኑን ያያል። ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ ስለሌለው እያስተኛ ይገድላል። ሁለት መሆን ከምንም በላይ የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ አንዱ ሲተኛ አንዱ ነቅቶ ይጠብቃል። በዲሴምበር 2022 ቡፋሎ ከተማና አካባቢዋ ላይ በወረደው ውሽንፍር ከ40 በላይ ሰዎች ሲሞቱ አንዳንዶቹ የተገኙት መኪናቸው ውስጥ ነው። የነፍስ አድን ሠራተኞቹም ራሳቸው በረዶ ውስጥ ተይዘው ነበር። በአንጻሩ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ በቨርጂኒያ ኢንተርስቴት 95 ላይ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ ብዙም ሳይርቅ፣ መኪኖች እስከ አንድ ቀን ገደማ ተገትረው ሲያድሩ ሰው አልሞተም። ውሽንፍሩ በዝናብ ስለጀመረ መንገዱ አስቀድሞ በጨው ውኃ አልተረጨም ነበር። እዚያ የተገኙት አብዛኞቹ የክረምት ጉዞ ላይ ነን ብለው የወጡ ሰዎች አልነበሩም፤ ብርድ ልብስ፣ ውኃና ስንቅ በመኪና ኋላ የሚቀመጠው ለሩቅ መንገድ ብቻ አለመሆኑም ከዚህ ይታወቃል።

ነፋሱ ሲቆምና የመንገድ መዝጊያ በሮቹ ሲነሡ ጉዞው ገና አደገኛ ነው። ማደሪያው ውስጥ የታጎሩት ከባድ መኪኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ አስፋልቱ ግን ጥላ ባለበት ሁሉ ገና እንደተጋገረ ነው። የተከፈተው መንገድ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በግጭት ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። የለመደ ሰው ቁርሱን ጨርሶ፣ መብራቶቹንና የጣሪያውን በረዶ ጠርጎ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይነሣል። በረዶ የሚጠርገውን መኪና ከደረሰበት ከኋላው ርቆ ይከተላል እንጂ አይቀድምም፤ ከጠራጊው ፊት ያለው መንገድ ገና አልተጠረገም፣ የጎን ምላጩም በሚበትነው በረዶ ውስጥ አይታይም።