የቁም ጸሐፊው እጅ በስክሪን ላይ

ሠላሳ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ጸሐፊው ዘሏል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 40 ቁጥር 7 ላይ ያለ ሐረግ ቁጥር 8 ላይ ተደግሞ ይመጣል፤ ዓይኑ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተሻግሮ መሀል ያለውን ትቶታል። ኋላ የመጣ ሌላ እጅ የቀረውን በመስመሮቹ መካከል አጠጋግቶ አስገባ፤ ቦታ ሲያጥረው በግራው ኅዳግ ቁልቁል ወረደ። የፈጣሪ ስም ሊጻፍ በሚገባበት ላይ ፊደል አላስቀመጠም፤ አራት ነጥብ ብቻ ጣል አድርጎ አለፈ።

ይህን ሁሉ የማየው ነታንያ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ታላቁ የኢሳይያስ ጥቅልል ራሱ ያለው ኢየሩሳሌም፣ በእስራኤል ሙዚየም ውስጥ በ1965 በተከፈተው በሄይካል ሀሴፈር ነው። ብራናው ብርሃን አይወድም፤ ስለዚህ ለአሥርት ዓመታት ጎብኚ በነጩ ጉልላት ሥር ሲዞረው የኖረው ቅጂውን ነው። እዚያ ድረስ የተጓዘ ሰውም ከመስታወት ጀርባ ነው የሚያየው። በመስከረም 2011 ሙዚየሙ ከጉግል ጋር ሆኖ የኢሳይያሱን ጨምሮ አምስት የሙት ባሕር ጥቅልሎችን በኢንተርኔት ሲለቅ ነው ነገሩ የተለወጠው።

ፎቶውን ያነሣው አርዶን ባር ሐማ ነው። ምስሎቹ እስከ 1,200 ሜጋፒክስል ይደርሳሉ። ፍላሹ ጎጂው ጨረር ተጣርቶለት የበራው ለሰከንድ አራት ሺሕኛ ክፋይ ብቻ ነው። ሁለት ሺሕ ዓመት ያለፈው ቆዳ ከዚያ በላይ እንዲቸገር አልተፈለገም። እንዲህ ያለ ግዙፍ ምስል እንዳለ ቢላክ የማንም ስልክ አይችለውም፤ በየደረጃው ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተቆራርጦ ይቀመጣል፤ ጣት የነካችው ክፍል ብቻ ተጠርቶ ይመጣል። ተመልካቹ ስፌቱን አያይም። ይህም የራሱ ሙያ ነው።

የብራናው ስፌት ግን ይታያል፣ መታየትም አለበት። ብራና ፍቆና ደጉሶ የሚያውቅ የጎንደር ሰው ቢያገኘው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያው ይመስለኛል። 17 ቁራጭ ቆዳ በክር ተያይዞ 7.34 ሜትር ሆኗል፤ በላዩ 54 ዓምዶች ተደርድረዋል። የተቀደደበትም ተጠግኗል፤ ጠጋኙ አልቸኮለም። መስመሩ ያለ ቀለም፣ በሹል ነገር ተጭኖ የተሰመረ ነው፤ የእኛም ቁም ጸሐፊዎች በወስፌ ወግተው እንዲሁ ያሰምራሉ። ልዩነቱ ፊደሎቹ መስመሩ ላይ አለመቆማቸው ነው፤ እንደተሰጣ ልብስ ከመስመሩ ሥር ተንጠልጥለዋል። ምስሉን እስከ መጨረሻው ሲያጎሉት ብርዑ ቀለም የጠገበበትና የደረቀበት ይለያል። ቀይ ቀለም የለበትም፤ በእኛ ብራናዎች ለቅዱስ ስም ቀይ ማየት የለመደ ዓይን መጀመሪያ ጥቂት ይቸገራል።

ጥንቱን በስክሪን ማሳየት ሌላም መንገድ አለው፤ ከነታንያ ወደ ሰሜን በመኪና ብዙም በማይርቀው በቄሳርያ ወደብ፣ ጎብኚ ጥያቄ መርጦ ንጉሥ ሄሮድስን በስክሪን የሚያናግርበት ማሳያ ተሠርቶ ነበር። ልጆች ይወዱት ነበር፣ አይከፋም። እኔ ግን እንዲህ ያለው ተዋናይ ሲናገር ድንጋዩን ማየት እተዋለሁ። የኢሳይያሱ ሥራ አይናገርም። ምዕራፍና ቁጥር ሲጠሩለት ወደ ቦታው ይወስዳል፤ ሲነኩት ትርጉም ያወጣል፤ ከዚያ ዞር ይላል። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ቢኖር ያ ትርጉም ሲጀመር እንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ኩሽን ከሌሎች አገሮች ጋር የሚጠራውን ምዕራፍ 11 ቁጥር 11ን ኢየሩሳሌምን ሲናፍቁ የኖሩ የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን ያውቁታል፤ እነሱ ያደጉት ደግሞ በግእዝ፣ በተጠረዘ ኦሪት እንጂ በጥቅልል አይደለም። ግእዙን ከጎኑ ማስቀመጥ ለጉግል ምን ያህል ሥራ ነበር?

ዲጂታል ምስል ለተመራማሪም በር ከፍቷል። በ2021 የሆላንዱ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በጥቅልሉ ዲጂታል ምስል ላይ አሌፍ የተባለውን የዕብራይስጥ ፊደል ከ5,000 በላይ ቦታ ወስደው በኮምፒውተር አነጻጸሩ። ከ27ኛው ዓምድ ወዲያና ወዲህ ያለው እጅ አንድ አይደለም፣ ጸሐፊዎቹ ሁለት ናቸው አሉ። እዚያው 27ኛው ዓምድ ግርጌ ሦስት መስመር ባዶ ቀርቷል፤ 28ኛው በአዲስ ቆዳ ይጀምራል። ይህን የጠረጠሩ ሊቃውንት ቀድሞም ነበሩ፤ ያጨቃጨቃቸው የፊደሉ መመሳሰል ነው። ሁለተኛው ጸሐፊ የፊተኛውን አጣጣል እስከዚህ ድረስ መከተሉ ከአንድ መምህር እግር ሥር የተቀመጡ ያስመስላቸዋል፤ ተመራማሪዎቹም የጋራ ሥልጠና ሳይኖራቸው አይቀርም ይላሉ። ሁለቱን ዓምዶች አጉልቼ ጎን ለጎን አሌፍ በአሌፍ አይቻቸዋለሁ፤ እኔ አልለየኋቸውም።