በስመ አብ ብሎ ሊጥ መክፈት

እናቴ የሊጡን ክዳን ከማንሳቷ በፊት ታማትባለች። 3 ቀን የቦካውን ጤፍ እርሾውን አጥልላ፣ አብሲት ጥላ፣ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች። ምጣዱን በጎመን ዘር አስሳ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል ስታዞር እጇ አይቸኩልም። ዓይን ያላወጣውን እንጀራ ለራሷ ታስቀራለች፤ ያማረው ለእንግዳና ለነዳያን ነው። ጭስ እያቃጠላት ከንፈሯ ጸሎት አያቋርጥም። ለእኔ ይህ ከቅዳሴው የቀጠለ አምልኮ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ወንጌል የሰበከው ድንኳን እየሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። ማማተቡ ከጓዳችን ቢጠፋ እንጀራው መጋገሩ አይቀርም፤ ለማን ተብሎ እንደሚጋገር ግን ይረሳል። እኔ ሊጥ አላቦካም። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከመክፈቴ በፊት ግን አማትባለሁ፤ ከእሷ የወረስኩት ነው።