ተከላካዩ አላንቀላፋም

ዕለቱ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023፣ ጨዋታው 57ኛው ሱፐር ቦል፣ ሰዓቱ አራተኛው ሩብ። ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ከግብ መስመሩ 5 ያርድ (4.5 ሜትር ገደማ) ላይ ደርሷል። ካዳሪየስ ቶኒ የተባለው ኳስ ተቀባይ ከቀኝ ጠርዝ ተነስቶ ወደ መሀል መሄድ ጀመረ፤ ኳሱ ሲነሳ ግን እጥፍ ብሎ ወደመጣበት ተመለሰ። አጠገቡ አንድም ተከላካይ አልነበረም። ብቻውን ተቀብሎ ገባ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ስካይ ሙር ያንኑ ነገር በግራ በኩል ከ4 ያርድ ደገመው፤ እሱም ብቻውን! ካንሳስ ሲቲ ፊላደልፊያ ኢግልስን 38 ለ 35 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

እንዲህ ያለ ነገር ስናይ ቶሎ የሚመጣልን ማብራሪያ «ተከላካዩ አንቀላፋ» የሚል ነው። ትንሽ ጠለቅ ያለው ተንታኝ ደግሞ «እንቅስቃሴው ግራ አጋባቸው» ይላል። የዛሬው ጽሑፌ ጠቡ ከነዚህ ማብራሪያዎች ጋር ነው። እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው። ማሽን ተበላሽቶ «ጥፋቱ የኦፕሬተሩ ነው» የሚል ሪፖርት ሳነብ ሁሌም ጥርጣሬ ይገባኛል። እዚህም ገባኝ።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ፤ የአሜሪካውን ፉትቦል የማታውቁ ካላችሁ አትቸገሩም። በየጎኑ 11 ተጫዋች አለ። ጨዋታው የሚጀምረው ኳሱ ከመሬት ተነስቶ ወደ ኋላ ለኳርተርባኩ ሲሰጥ ነው፤ ይህ ስናፕ ይባላል። ከስናፑ በፊት አጥቂዎቹ ለአንድ ሰከንድ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። አንድ ተጫዋች ብቻ ስናፑ ሲደረግ መንቀሳቀስ ይፈቀድለታል፤ እሱም ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይደለም። ይህ ነው ሞሽን የሚባለው። ተከላካዮቹ ግን እንደፈለጉ መንቀሳቀስ ይችላሉ።

ታዲያ ነፃነቱ ለተከላካዩ ከሆነ አንድ ሰው ወደ ጎን ስለሮጠ ምን ይለወጣል? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ኳርተርባኩ አብዛኛውን ጊዜ ኳስ የሚወረውርላቸው 5 ሰዎች አሉት። ከ11ዱ ተከላካዮች 4ቱ ኳርተርባኩን ለመያዝ ከሮጡ 7 ይቀራሉ። 7 ሲቀነስ 5፣ ትርፉ 2 ሰው ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ኮከቡን በሁለት ሰው ያዙት!» ማለት ቀላል ነው። ማያሚ ዶልፊንስ ውስጥ የነበረው ታይሪክ ሂል በ2023 የውድድር ዘመን 1,799 ያርድ ተቀብሎ ሊጉን ሲመራ፣ ኳሱ ወደ እሱ እንደሚሄድ ያልጠበቀ ቡድን ነበር? አልነበረም። ግን አንዱን ትርፍ ሰው ለሂል ከሰጣችሁ፣ ለቀሩት 4 ተቀባዮችና ለኋላው ሜዳ የሚተርፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። አምስተኛ ሰው ወደ ኳርተርባኩ ከላካችሁ ደግሞ እሱም የለም። በጀቱ ይኸው ነው፤ ከአንዱ ኪስ ካልወሰዳችሁ ለሌላው አትሰጡም።

አሁን ሞሽኑን ጨምሩበት። በሁለት ሰው መያዝ ማለት ከጨዋታው በፊት የተደረገ ስምምነት ነው፦ «አንተ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ»። ስምምነቱ የታሰረው ሰውየው ከቆመበት ቦታ ጋር ነው። ሰውየው ሲሮጥ ውስጥ የነበረው ውጭ ይሆናል፤ ውሉ እንደገና መጻፍ አለበት፣ ያውም በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ፣ በጩኸት መሀል፣ በእጅ ምልክት።

ተከላካዮች በዚህ ጊዜ ሦስት ዋና ዋና ምርጫዎች አሏቸው። አንደኛው መከተል ነው፤ የእሱ ጠባቂ አብሮት ሜዳውን ያቋርጣል። ሁለተኛው መቀያየር ነው፤ ጠባቂው ባለበት ቆይቶ «የኔው ወዳንተ እየመጣ ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ያስረክበዋል። ሦስተኛው ከኋላ ያሉት ሁለት ተከላካዮች መሽከርከር ነው፤ አንዱ ወደ ፊት ሲወርድ ሌላው ወደ መሀል ያፈገፍጋል።

መከተል ቀላል ይመስላል። ግን አስሉት፦ ተቀባዩ በሰከንድ 6 ሜትር እየሮጠ ነው እንበል። የሰው ዓይን አይቶ እግሩ እስኪነሳ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 6 ሲባዛ በ0.2፣ 1.2 ሜትር። ተከላካዩ ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ 1.2 ሜትር ተቀድሟል ማለት ነው። ከግብ መስመሩ አጠገብ ደግሞ ሁሉም ተፋፍጎ ስለሚቆም፣ በገዛ ጓደኞቹ መሀል እየተሹለከለከ ነው የሚከተለው። ስለዚህ መቀያየር ጥሩ ሕግ ነው፤ ማንም ሳይሮጥ ሥራው ይተላለፋል።

ግን ይህ ሕግ አንድ ግምት ውስጡ አለ፦ ወደ መሀል የጀመረ ሰው ያቋርጣል የሚል። የቁጥጥር ሥርዓት ትምህርት ላይ ይህንን ትንበያ እንለዋለን። ሲግናሉ እስኪረጋገጥ ከጠበቃችሁ ትዘገያላችሁ፤ አስቀድማችሁ ከተነበያችሁ ጊዜ ታተርፋላችሁ፣ ሲግናሉ ከታጠፈ ግን ትሳሳታላችሁ። ሁለቱንም በነፃ የሚሰጥ ሥርዓት የለም። ቶኒ ያደረገው ሲግናሉን ማጠፍ ነበር። የኢግልስ ተከላካዮች ሕጋቸው እንደሚያዘው ሥራውን ለመሀሉ ሰው አስረከቡ፤ የሚረከበው ሰው ግን አልመጣም።

«አንቀላፋ» የሚለውን ማብራሪያ የሚያፈርሰው ደግሞ ሁለተኛው ጎል ነው። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ፣ ሁለት ጠርዝ ላይ ያሉ ተከላካዮች በጥቂት ደቂቃ ልዩነት በአንድ ዓይነት መንገድ አንቀላፉ? አንድ ስህተት በተለያየ ቦታ ራሱን ሲደግም፣ የሚፈተሸው ሰዎቹ የተሰጣቸው ሕግ ነው። ተከላካይ አይሳሳትም እያልኩ አይደለም፤ ይሳሳታል። እዚህ ግን ወቀሳ ካለ፣ ከመጀመሪያው ጎል በኋላ ሕጉ ሳይለወጥ መቆየቱ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ሌላም የተለመደ አባባል አለ፦ «ተከላካዩ ከተከተለ ማን ቱ ማን ነው፣ ካልተከተለ ዞን ነው»። ግማሽ እውነት ነው። ማን ቱ ማን የሚጫወት ቡድን ሳይከተል ሊቀያየር ይችላል፤ ዞን የሚጫወት ቡድንም ኳርተርባኩን ለማታለል አንድ ሰው ሊያስከትል ይችላል። አጥቂው መረጃ ሲለቅም ተከላካዩም የውሸት መረጃ ይሰጠዋል።

ሦስተኛው ደግሞ «ሞሽን የሚያበዙ ቡድኖች ብዙ ያስቆጥራሉ፣ ስለዚህ ሞሽን ይሠራል» የሚለው ነው። ማያሚ በሞሽን የታወቀ ቡድን ነበር፤ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 ዴንቨርን 70 ለ 20 ደበደበ። ያው ቡድን፣ ያው አሰልጣኝ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 2024 በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ብርድ በካንሳስ ሲቲ 26 ለ 7 ተሸነፈ። የመጀመሪያው ሞሽን እንደሚሠራ፣ ሁለተኛውም እንደማይሠራ አያረጋግጥም። ሂልን የመሰለ ፈጣን ሰው፣ ጎበዝ አሰልጣኝ፣ ተጋጣሚው፣ ብርዱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቀላቅለዋል። ለመለየት አንድን ቡድን በተመሳሳይ ሁኔታ፣ በሞሽንና ያለሞሽን ማወዳደር ያስፈልጋል።

መረጃ ሞልቷል፤ ተጫዋቾቹ ትከሻ መከላከያቸው ውስጥ በሰከንድ 10 ጊዜ ቦታቸውን የሚመዘግብ ቺፕ አለ። ችግሩ፣ ቺፑ የት እንደቆሙ እንጂ ምን እንደተስማሙ አይመዘግብም። ስክሪኑ ላይ ብቻዋን የቀረች ነጥብ አይተን «የእገሌ ጥፋት ነው» ስንል፣ ያላየነውን ስምምነት ራሳችን እየፈጠርን ነው። በዚህ ደግሞ የአንድ ወጣት ተጫዋች ስም ለዓመታት ይነሳል።

እስቲ ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት። ኳሱን ተዉት፤ ጠርዝ ላይ ያሉትን ተከላካዮች ብቻ ተከተሉ። ቶኒ ሊታጠፍ ሲል አቁሙትና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ባይታጠፍ ኖሮ እነዚህ ሰዎች የት መቆም ነበረባቸው? እዚያው፣ አሁን በቆሙበት ቦታ።