የቤንዝንን ቀለበት ማን አየው? የሎንስዴል ጽሑፍ ሲመረመር

በቢቸናና በሞጣ የሚኖር ሽማግሌ ኮሶ መራራ መሆኑንና የሆድ ትል ማስወጣቱን ጠጥቶ አረጋግጧል። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ደግሞ ኮሶቶክሲን በሚባለው የኮሶ ንጥረ ነገር ውስጥ ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት ሥሎ ያሳያል። እኛ ተማሪዎች ግን ሥዕሉን ለፈተና አጥንተን እናልፋለን እንጂ፣ ቀለበቱ በምን ታወቀ ብለን አንጠይቅም።

ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ የሰጡት ካትሊን ሎንስዴል ናቸው። በ1929 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ የሄክሳሜቲልቤንዝንን ክሪስታል ይመረምራል። ኬኩሌ ቀለበቱን በ1865 እ.ኤ.አ. በሐሳብ አቅርበውት ነበር፤ ነገር ግን ጠፍጣፋ ይሁን ወይስ በአልማዝ ውስጥ እንዳሉት ካርቦኖች ወጣ ገባ ያለ፣ ገና አልተለየም ነበር። ቤንዝን (የመኪናው ቤንዚን አይደለም) በተራ ሙቀት ፈሳሽ ስለሆነ፣ ሎንስዴል ጠጣር ዘመዱን መረጡ። ክሪስታሉ በሚደጋገምበት ትንሹ ክፍል ውስጥ ያለው አንድ ሞለኪውል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሞለኪውሎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተደረደሩ ናቸው። ከክሪስታሉ ከተመለሰው የኤክስሬይ ብርታት በመነሣት፣ ቀለበቱ ጠፍጣፋ መሆኑንና በጎረቤት ካርቦኖች መካከል ያለው ርቀት 1.42 አንግስትሮም ያህል መሆኑን አስረዱ።

የጽሑፉ ብልጫ እዚህ ላይ ነው፦ የዚህ ክሪስታል ቅርጽ የስድስቱን ጎኖች እኩልነት አያስገድድም። እኩልነቱ የተነበበው ከልኬቱ ነው፤ ስለዚህ ምስክርነቱ ጠንካራ ነው።

ሆኖም ሁለት ነገር ይነቀፋል። አንደኛ፣ ስድስት ተቀጽላ ከተሸከመ አንድ ውህድ ተነሥቶ ስለ ቀለበት ሁሉ መፍረድ ይከብዳል፤ የቤንዝን የራሱ ክሪስታል ከዜሮ በታች በ3 ዲግሪ ቅዝቃዜ በኮክስና በባልደረቦቻቸው በዝርዝር የቀረበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለተኛ፣ ዛሬ የታወቀው ርቀት ወደ 1.39 የሚጠጋ ስለሆነ፣ የያኔው ልኬት በጎኖቹ መካከል ትንሽ ልዩነት እንዳለ ወይም እንደሌለ ለመፍረድ አይበቃም ነበር። ይህ ግን የጽሑፉን ዋና ፍርድ አያፈርሰውም።

የሚያሳዝነው መጽሐፎቻችን ፍርዱን ብቻ አስቀርተው ምስክሩን መተዋቸው ነው። ከሥዕሉ ጎን ልኬቱና የስሕተቱ መጠን ቢጻፍ፣ ነገ የኮሶን ወይም የሌላ አገር በቀል ተክል ንጥረ ነገር የሚመረምር ተማሪ ቀለበት ከመሣሉ በፊት ማስረጃ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ስለ ኮሶ እንደዚያ ሽማግሌ ካረጋገጥነው ተነሥተን እንናገራለን።