«የመጀመሪያዋ ፒፓችን»፦ ግለ ሂስ

ባለፈው እትም በዚችው መጽሔታችን «የመጀመሪያዋ ፒፓችን» የምትል ትዝታ አውጥተን ነበር። ከመኝታ ክፍል እስከ ምግብ አዳራሽ «አይ፣ ግሩም ናት!» ተባልን እንጂ የሚተቸን አልተገኘም። ጓደኞቻችን ዝም ካሉ እኛው በራሳችን ላይ እንነሳ ብለን ነው ይህን የምንጽፈው። ድርሰቲቱ ውሸታም ናት።

ትዝታዋ በጭጋግ ትጀምራለች። እንዴ! የገንዳ ውሃ ልጅ ጭጋግ ከየት አመጣ? በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት፣ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ የሚያድርበት አገር ነው። ጭጋጉ የለንደን ነው፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ብቅ ካለው ከኮናን ዶይል መርማሪ፣ ከሼርሎክ ሆምስ ጋር የመጣ። የእሱን ፒፓ በየሥዕሉ አየን፤ ሳርትርም ስታሊንም ፒፓቸውን እንደያዙ ፎቶግራፍ ተነስተው አየናቸው። የሚያስብ ሰው ሁሉ ፒፓ የሚነክስ መሰለን። እንግዲህ የገዛነው እንጨት አልነበረም፤ ምሁር መምሰልን ነበር። ይህንኑ በግልጽ ብንጽፈው ጥሩ ድርሰት ይወጣው ነበር። እኛ ግን መምሰሉን ትተን ምሁርነቱን ጻፍነው።

ገንዘቡንም ደበቅን። «አባታችን ከሰጡን የኪስ ገንዘብ» ብለናል። የቱ የኪስ ገንዘብ! ፒፓይቱ የተገዛችው በጥቅምት ሰሊጥ አጭደን ባገኘናት ምንዳ ነው፤ እጃችን ገና እንደቆሰለ። ለምን ደበቅን? ፒፓ የሚያጨስ ሰው ሰሊጥ ያጭዳል እንዴ ብለን ነዋ! በድርሰቲቱ «መዓዛው የሚያውድ የሆላንድ ትምባሆ» የተባለውም ኒያላ ሲጋራ ነበር። የፒፓ ትምባሆ የሚባል ነገር በአካባቢው ስላጣን ሦስቱን ፍሬ ፈርፍረን ሞላንባት፤ ምላሳችንን ለብልቦን ሦስት ቀን ወጥ መቅመስ አቃተን። ይህን ለምን አልጻፍነውም? የሚያስቅ ነዋ፤ ምሁር ደግሞ አይሳቅበትም።

ትልቁ ጥፋት ግን ይኸኛው ነው። መተማ ገበያ ላይ ፒፓይቱን ስንገዛ (ሻጩ የሱዳን ነጋዴ ነበር፣ ቶምባኩን ከከንፈሩ ስር ወትፎ) ከጎናችን አንዲት የጉሙዝ እናት ጋያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ጋያን ለማያውቅ ደገኛ አንባቢ እንግለጸው፦ ቅል ነው፤ ሆዱ ውስጥ ውሃ አለ፤ ከላይ ትምባሆና ፍም የሚቀመጥበት የሸክላ አፍ አለው፤ ሲስቡት ጭሱ ውሃውን አቋርጦ ቡል ቡል እያለ ይመጣል። እኒያ እናት ፒፓችንን ተቀበሉና አገላብጠው አይዋት። ዘቅዝቀው ነቀነቋት። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ «ውሃውስ የት አለ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እሳቸው ሳቁ፣ ሻጩም ሳቀ፣ እኛ ፒፓችንን ኪሳችን ከተን ሄድን።

ከዚያች ገበያ ስለ ማጨስ በእርግጥ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በድርሰቲቱ ውስጥ ግን የሉም። አንድ የሚጠይቅ ሰው አግኝተን ስናበቃ ከወረቀቱ አባረርናቸው፤ በምትካቸውም «ሽበታም ባለሱቅ» ፈጠርንና ስለ ሕይወት እንዲናገር አደረግነው። የባለሱቁን ንግግር አሁን ስናነበው እናፍራለን። ደግሞስ ድምፅ የነበረው ጋያው አልነበረም? ፒፓ ዝም ትላለች፤ ለጽሑፍ እንኳ የሚረባው ቅሉ ነበር።

አንድ ወዳጃችን ብቻ ጠጋ ብሎ «አፄ ዮሐንስን እንዴት ረሳችሁ?» አለን። እውነቱን ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው የከለከሉ ንጉሥ ነበሩ፤ የአጫሹ ከንፈር፣ የሱረት ሳቢው አፍንጫ ይቆረጥ ነበር ይባላል። እኒሁ ንጉሥ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ተመቱ። ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። በስማቸው በምትጠራ ከተማ ፒፓ መግዛት ለደራሲ የተዘጋጀ ድግስ ነው፣ አይደለም? ግን ያን ቀን ንጉሡ ትዝ አላሉንም። ታሪኩን ተምረነዋል፤ ገበያው መሐል ስለ ከንፈራችን ያሰብነው ፒፓ ያምርበት እንደሆነ ብቻ ነው። ዛሬ «ትዝ አሉን» ብለን ብናስገባቸው ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። ረስተናቸው ነበር ብለን እንጻፍ፤ እሱ ይሻላል።

ቀሪው የእናታችን ነገር ነው። «ፒፓይቱን ሲያዩ በእንባ ታጠቡ» ብለን ጽፈናል፤ ብዙ አንባቢ የወደደውም ይህንኑ ነው። አላለቀሱም። ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር የበቀለች ተክል ናት ሲባል ሰምተው ያደጉ ሴት ናቸው፤ እንቆጣለን ብለን ጠብቀን ነበር። ፒፓይቱን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው አነሷትና «ስንት ገዛኸው?» አሉ። ግማሹን ነገርናቸው። ትንሽ አሰቡ። «የስንት ቀን አጨዳ ይሆናል?»

«አራት» አልን። መልሰው መደቡ ላይ አስቀመጧትና እራት ሊያቀርቡ ገቡ።

ዘጠኝ ነበር። እንባውን የጻፍነው ይህን ላለመጻፍ ነው። እርማቷን ከጋያዋ ባለቤት ጀምረን እየጻፍናት ስለሆነ አዘጋጆቹ እስከሚቀጥለው እትም ይታገሱን።